ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ

የትምህርት ቤቱን የዕቃ ቤት ቁልፍ ያስረከብኩት ነቀምቴ ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። የተረከበኝ ወጣት መምህር ትሑት ሰው ነው። ጠመኔውን፣ የእንጨት ማስመሪያዎቹንና ሁለቱን ትልልቅ ኮምፓሶች ቆጥሮ ከፈረመ በኋላ በብብቱ ይዞት የነበረውን አዲሱን የሒሳብ መጽሐፍ አሳየኝ። ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ክብ ተሥሎ ውስጡ ሦስት ዶሮዎች አሉ። በሚቀጥለው ገጽ ሌላ ክብ፣ ውስጡ በጎች።

«ቁጥሮቹ የት አሉ?» አልኩት።

«ይመጣሉ ጋሼ ዋቅጅራ። አሁን ሒሳብ የሚጀመረው ከስብስብ ነው» አለኝ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀ።

አልከፋኝም። ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስወርድ ግን ዘመኔ በእውነት ማለፉ ተሰማኝ። ስለ ጡረታ ወረቀቴ ብዙ አልናገርም፤ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ጊዜ ፊርማ ጎደለው ተብሎ ተመልሷል። የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም።

ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ሃያ ስምንት መምህሬ «ፍጹም» ከሚሏቸው ቁጥሮች አንዱ ነው። ከራሱ በታች ሆነው ያለ ቀሪ የሚከፍሉትን ሁሉ፣ አንድን፣ ሁለትን፣ አራትን፣ ሰባትንና አሥራ አራትን ብትደምሯቸው መልሰው ራሱን ይሰጣሉ። የሥራ ዘመኔ ግን ፍጹም አልነበረም። በመካከሉ አንድ ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር ምክንያት የበደልኳት አንዲት ተማሪም አለች። እጄ መጻፍ ሳይተወኝ ይህን ማስፈር ፈለግሁ።

የተወለድኩት ኑኑ ቁምባ ነው። በቤታችን ከኦሮምኛ ሌላ አይነገርም ነበር፤ አማርኛን የለመድኩት ነቀምቴ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረውን ክፍል ስጨርስ ረዳት መምህር አድርገው እዚያው አስቀሩኝና ከመምህር ልሳነወርቅ ጋር መደቡኝ። መምህር ልሳነወርቅ ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሒሳብን የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ተምረው። በባሕረ ሐሳብ ዋናው ነገር ስታካፍል የሚተርፈው ነው። ስለዚህ እሳቸው ስንት እንደደረሰ ከማየታቸው በፊት ስንት እንደተረፈ ያዩ ነበር።

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ እንዳይጮህ ሁልጊዜ ለሁለት ይሰብሩታል። ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ አይጠርጉም፤ በኪሳቸው እርጥብ ጨርቅ ይይዙ ነበር፣ አቧራው የልጆቹ ደረት እንዳይገባ። ተማሪ ስህተታቸውን ካገኘ ወርደው ይጨብጡታል፤ ከዚያ ስሙን በሰሌዳው የላይኛው ጥግ ይጽፉና ሳምንቱን ሙሉ አያጠፉትም። ስሙ እዚያ እንዲጻፍለት ብሎ ቤቱ ሌት ተቀን የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ።

ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በቁራጭ ወረቀት ላይ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ብለው ጽፈው ሰጡኝ።

«ይኼ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ተዋወቀው» አሉኝ። «ማን ያለ ቀሪ እንደሚከፍለው ጠይቅ። ስትጨርስ ንገረኝ።»

አሥር ቀን ፈጀብኝ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያልኩ ወጣሁ። ስልሳ አራት ላይ ስደርስ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ወጣ፤ እሱ ደግሞ በምንም እምቢ አለ። እንዲህ ያለውን ቁጥር፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የሌለውን፣ ብቸኛ ቁጥር እንላለን። ከራሱ በቀር ያሉትን አካፋዮቹን ሁሉ ሰብስቤ ስደምር ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት መጣ። እንደገና ደመርኩ፤ ያው ነው። እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ወረቀቱን አዩና «እንግዲህ መምህር ሆንክ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አልተደሰትኩም።

አንድ ልማዳቸው ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች ተራ በተራ ታካፍለዋለህ። የት ድረስ? አካፋዩን በራሱ ስታባዛው ከቁጥሩ እስኪበልጥ ድረስ። ከዚያ በፊት ከቆምክ አታውቅም። እሳቸው መሐል ላይ ደወል ከተደወለ ከቁጥሩ አጠገብ «ገና» ብለው ይጽፋሉ። ለሳምንታት «ገና» የተባሉ ቁጥሮች ነበሩ። «መምህር ገና ማለት ካፈረ ያስተማረውን ሁሉ ተጠራጠር» ይሉ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ አርጆ ላኩኝ፤ ጥሩ አገር፣ ጥሩ ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ በጊምቢ መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ተዛወርኩ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሰዓት አክባሪ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ከተቆጣጣሪ በቀር ማንንም የማይፈራ ሰው ነበር። በግቢው ውስጥ ኦሮምኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣል። እኔም ልጆቹን እቀጣ ነበር። ቤቴ ስገባ ከእናቴ ጋር የማወራበትን ቋንቋ ትምህርት ቤት ስገባ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ያኔ አልከበደኝም፤ የሚከብደኝ አሁን ነው።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ቀነኒ የምትባል ተማሪ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናታል። አባቷ ኦቦ ጉተማ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን እንዲያስተምሩ እኔው ነኝ ቤታቸው ሄጄ የለመንኳቸው። አማርኛዋ ይደነቃቀፋል፤ ሒሳብ ላይ ግን ዝምታዋ ራሱ ይሰማል። ሌሎቹ ጽፈው ሳይጨርሱ እሷ እርሳሷን አስቀምጣ በመስኮት ታያለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

በዚያን ሰሞን ብቸኛ ቁጥሮችን አስተምር ነበር። አንድ ደስ የሚል መንገድ አሳየኋቸው። ሁለትን በሦስት አባዝተህ አንድ ጨምር፤ ሰባት ይሆናል፣ ብቸኛ ነው። ሁለትን በሦስት፣ ያንን በአምስት አባዛና አንድ ጨምር፤ ሠላሳ አንድ፣ ብቸኛ። ብዜቱን በሰባትም አባዝተህ አንድ ጨምር፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ብቸኛ። በአሥራ አንድም እንዲሁ፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ፣ እሱም ብቸኛ። ልጆቹ ተደነቁ። እኔም ከእነሱ ይልቅ ተደነቅሁ። የብቸኛ ቁጥር መሥሪያ ያገኘሁ መሰለኝ።

በአሥራ ሦስትም አባዝተን አንድ ስንጨምር ቀጣዩ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ነው። ረቡዕና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተቀምጬ መረመርኩት። እስከ አሥራ ሦስት ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉም አንድ ያስተርፋሉ፤ ሲሠራ አንድ የተጨመረበት ለዚህ ነው። በአሥራ ሰባት ዘጠኝ ተረፈ። በአሥራ ዘጠኝ አሥራ አንድ። በሃያ ሦስት አሥራ ስድስት፣ በሃያ ዘጠኝም ያው አሥራ ስድስት። እንዲህ እያልኩ ሃምሳ ሦስት ደረስኩ፤ ሠላሳ ሦስት ተረፈ። እስከ አንድ መቶ ሰባ ሦስት መሄድ ነበረብኝ። ሐሙስ ሲመሽ ዲሬክተሩ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ያንተን ክፍል ነው የማሳየው፤ ጥሩ ነገር አዘጋጅ» አለኝ። ደብተሬን ዘጋሁት።

ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዲሬክተሩ አጠገቡ። ሰባትን፣ ሠላሳ አንድን፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድን እየጻፍኩ ወረድኩ። ተቆጣጣሪው ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። አጠገቡ «ገና» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። «ብቸኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሦስተኛው ረድፍ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። «ኒ ሂረማ።» ይከፈላል ማለት ነው።

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። «ምን አለች?»

መተርጎም እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ዲሬክተሩ እንደ ቢላዋ ያየኛል።

«ምንም አላለችም ጌታዬ» አልኩ።

ቀነኒ ተነሥታ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። «ባርሲሳ፣ ይከፈላል። በ...»

«ዝም በይ!» አልኳት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ውጪ! ውጪ ሄደሽ ተንበርከኪ!»

ባርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው። ስትወጣም እሱኑ አንድ ጊዜ ደግማ ጠራችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ እንደ ጥያቄ ነበር። ተቆጣጣሪው ሻይ ጠጥቶ እስኪሄድ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ቆየች። ዲሬክተሩ ወላጅ እንድታመጣ ደብዳቤ ጻፈላት።

ቅዳሜ ቁርስ ሳልቀምስ ደብተሬን ከፈትኩ። ከሃምሳ ሦስት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር ሃምሳ ዘጠኝ ነው። አካፈልኩ። አምስት መቶ ዘጠኝ፤ ቀሪ ዜሮ። ሐሙስ ዕለት አንድ፣ አንድ ብቻ ማካፈል ቀርቶኝ ነበር የቆምኩት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ እጄን ዘርግቼ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ሰኞ ክፍል ስገባ ወንበሯ ባዶ ነው። ለተማሪዎቹ ስህተቴን ነገርኳቸው። ማካፈሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰሌዳ ሠራሁትና በላይኛው ጥግ «ቀነኒ» ብዬ ጻፍኩ። ዲሬክተሩ በዕረፍት ሰዓት ገብቶ አጠፋው። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና አጠፋው። ማክሰኞ ከሰዓት ኦቦ ጉተማ ቤት ሄድኩ።

በረት አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን በክብር መለሱ፤ ግባ ግን አላሉኝም።

«ጥፋቱ የኔ ነው ኦቦ ጉተማ» አልኳቸው። «ልጅዎ ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ልክ ከነበረች ለምን ተንበረከከች?» አሉኝ።



«እዚሁ ቆመህ አደራ ብለህ ወሰድካት» አሉ ቀጥለው። «ጉልበቷ ደምቶ መጣች። ወረቀቱን የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ አስነበብኩት፤ ልጅህ ባለሥልጣን ደፈረች ይላል። ሽማግሌዎች ካምና ጀምሮ ይመላለሱብኝ ነበር፤ ትማር ብዬ እምቢ እላለሁ። እሁድ መጡ። እሺ አልኳቸው።»

«ቢያንስ ፈተናውን ትውሰድ። እለምንዎታለሁ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ኑኑ ቁምባ፣ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ሰርጉም እዚያው ነው።» ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፣ አውቃለሁ። ሂድ በቃ።»

በወሩ መጨረሻ ወደ ነቀምቴ ወርጄ ለመምህር ልሳነወርቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። አርጅተው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስለ ቁጥሩ ይጠይቁኛል ብዬ ደብተሬን ይዤ ነበር። አልከፈቱትም።

«ቁጥሩን አርመኸዋል» አሉኝ። «ልጅቷንስ?»

«አግብታለች፤ ምን ላደርግ እችላለሁ?»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉና እጄን ያዙ። በዚያው ዓመት ዐረፉ። ያ እጃቸው አሁን ድረስ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ በማስተምርበት ክፍል ሁሉ ኦሮምኛ የተናገረ ተማሪ ቀጥቼ አላውቅም። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተወቅሼአለሁ፣ አንድ ጊዜም ዕድገት ቀርቶብኛል። ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም፤ ለቀነኒ ያደረገላት ነገር የለምና። ነጆም፣ መንዲም ሠራሁ። ኑኑ ቁምባ መዛወር እችል ነበር፤ አገሬ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም። ፈራኋት።

በመጨረሻ ሳልጠይቅ ላኩኝ። በደረስኩ በወሩ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንደ ዋዛ «እዚህ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለትልልቅ ሴቶች ፊደልና ቁጥር የምታስተምር ሴት አለች። ሒሳቧ እንደ ወንድ ነው ይላሉ» አለኝ። ስሟን አልጠየቅሁትም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ሕፃን አቅፈዋል። ሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ሴት ወፈር ብላለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች። አንድ ማካፈል ሠርታ ቀሪውን በክብ ከበበችው። ዞር ስትል አየችኝ፤ ጠመኔው በእጇ እንዳለ ቀረ።

ልናገር ያሰብኩትን ለዓመታት በአማርኛ ነበር ያዘጋጀሁት። አፌን ስከፍት የወጣው ኦሮምኛ ነው።

«እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ይቅርታ፤ ትምህርታችሁን አቋረጥኩ» አልኩ። «እኔ የዚህች መምህርታችሁ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ የውሸት ነገር ጻፍኩ። ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ አይከፈልም አልኩ። እሷ ይከፈላል አለች። በቋንቋችን ነው ያለችው። ሰምቼ አልሰማሁም አልኩ፣ አንበረከክኋት። ልክ እሷ ነበረች።» ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «ዱጋ ኬቲ፣ ቀነኒ። እውነቱ ያንቺ ነው። ይቅር በይኝ።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይቺን ለመናገር ነው ይኼን ያህል ዘመን የፈጀብህ?» አሉ።

«አዎ አዴ» አልኳቸው።

ሴቶቹ ሳቁ። ቀነኒ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ወደ ሰሌዳው ዞረች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ «ይቀመጡ ባርሲሳ፤ ትምህርት ላይ ነን» አለችኝ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጬ ተማርኩ።

ስንወጣ ፈተናውን በግል ተመዝግባ እንድትወስድ ጠየቅኋት። ሦስት ልጆች አሏት፤ «በዚህ ዕድሜዬ!» አለች። ባለቤቷ ዝምተኛ ሰው ነው። ጉዳዩን ሲሰማ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ከብቶቹን እኔ አያለሁ።» ከዚያ በኋላ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ አስጠናኋት። ሒሳብ ሳይሆን አማርኛና ጂኦግራፊ ነበር የሚያስፈልጋት። ሒሳቡንማ ለራሴ ስል ነው የምናነሣው።

ፈተናው ነቀምቴ ላይ ነበር። ማለፏን አስቀድሜ ልናገር፤ ውጤቷ ሲመጣ ባለቤቷ በሬ ሳይሆን በግ ማረዱን ሲቆጭ ነበር። እኔ ኋላ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ፤ ቀነኒ ዛሬም እዚያው ኑኑ ቁምባ የደመወዝ መምህርት ናት። መጻፍ የፈለግሁት ግን የፈተናውን ቀን ነው። ከልጆች መሐል ወጥታ ወደ እኔ ስትመጣ ጣቶቿ በቀለም ተበክለዋል። የግቢው ግንብ ሥር ተቀምጠን ያመጣችውን ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ መብላት ጀመርን። ያን ጊዜ ለዓመታት የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ቀነኒ፣ ያን ቀን ቁጥሩን ጽፌ ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ነው የተናገርሽው። እኔ ሁለት ቀን ለፍቼ ያልደረስኩበትን እንዴት በዚያ ፍጥነት አገኘሽው?»

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«አልለፋሁበትም እኮ ባርሲሳ። እርስዎ አዲስ ቁጥር ሰሌዳ ላይ በጻፉ ቁጥር መጀመሪያ ለክፍላችን ልጆች አካፍለው ነበር፤ እኩል ይደርሰን እንደሆነ ለማየት። የልጅ ነገር ነው። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይተርፋል። ያን ቀን ግን ለእያንዳንዳችን አምስት መቶ ዘጠኝ ደረሰን። በጣም ደስ አለኝ፤ ለዚያ ነው ቋንቋው ያመለጠኝ።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለች። «ቀሪ የለም።»

እጄ ላይ ያለውን ጭኮ መልሼ አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት የሃምሳ ዘጠኙን ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ፣ በመዝገቡ ላይ በስሟ ትይዩ «ቀሪ» እያልኩ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።